የድመቷ ወስፋት

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ድመት ደጃፌ ላይ ትል አስመለሰች። ጎረቤቴ ስትጮህ እኔ መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ አልኩ። የድሮ ሙያዬ ነውና ማለፍ አልቻልኩም። ወዲያው ጽጌ ትዝ አለችኝና ቀኑን ሙሉ በንዴት ስብከነከን ዋልኩ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መገባደጃ ላይ ዶሃ፣ ቢን ኦምራን ሰፈር፣ በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበርኩ። ከግመል፣ ከበግና ከድመት ሆድ የወጡ ትሎችን በማይክሮስኮፕ አይቼ እለያለሁ፤ መልካቸውንም እጽፋለሁ። ሳምቡሳና የወተት ሻዬን ትሎቹ ከሚቀመጡበት ከፎርማሊን ሽታ ጋር መቅመስ ለምጄ ነበር። ሰው «ትል ያው ትል ነው» ሲል ግን ደሜ ይፈላል። አንዱ ከንፈር አለው፣ ሌላው ጥርስ፤ እንዴት አንድ ይሆናሉ?

ወበቁ የክሊኒኩን መስታወት በሚያልብበት በአንድ የነሐሴ ጠዋት፣ አንዲት ማዳም ድመቷን ልታስከትብ መጣች። የድመቷን ቅርጫት የተሸከመችው የቤት ሠራተኛዋ ጽጌ ነበረች፤ ከዓርብ የጸሎት ፕሮግራም አውቃታለሁ። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት በአማርኛ።

«ሐሙስ ወደ አገሬ ሊመልሱኝ ነው። የሕፃኑ ምንጣፍ ላይ ትል ተገኘ። ማዳም ወስፋት ኖሮብሽ ያውቃል ስትለኝ፣ አዎ፣ በልጅነቴ አልኳት።»

«ምን አስቀባጠረሽ?»

«ውይ! እኛ አገር በልጅነቱ ወስፋት ያልነበረበት ማን አለ? እኔም የኔ ይሆን እንዴ ብዬ ፈርቻለሁ።»

ማዳም ለእንግዶቿ ሁሉ አውርታዋለች። ትሉንም ለሕፃኑ ሐኪም ልታሳይ በብልቃጥ ይዛው መጥታለች። እስቲ ልየው ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

«ተይው፣ የኛ ሹግል፣ የኛ ሥራ አይደለም» አሉኝ አለቃዬ፣ ዶክተሩ።

አልተውኩም። ማይክሮስኮፑ ሥር አደረግኩት። ሦስት ከንፈር አለው፤ ይህ የሰው ወስፋትም ላይ አለ። አንገቱ ግራና ቀኝ ግን እንደ ጦር ጫፍ የሰፋ ስስ ክንፍ አለው። የሰው ወስፋት ክንፍ የለውም። ዶክተሩን ጠራኋቸው። አዩ፤ ደግመው አዩ።

«የድመት ነው» አሏት ለማዳም።

«ኸላስ፣ መሄዱ ቀረ» አለች ማዳም። «ያላ ጽጌ፣ ቤት እንሂድ።»

ጽጌ ቅርጫቱን አላነሳችም። በተሰባበረ አረብኛዋ «ማዳም፣ ትል አለባት ብለሽ የነገርሻቸው እንግዶች ፊት፣ የድመቷ ነው በይልኝ። ከዚያ እሠራለሁ» አለች። እኔ እንኳ ደነገጥኩ። ማዳም ፊቷ ቀላ፤ ቅርጫቱን ራሷ አንጠልጥላ ወጣች።

ሐሙስ ጽጌን አሳፈሯት። ከኤርፖርት ደውላ፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም፣ «እሰይ! አሁንስ የምባረረው ራሴ ባደረግኩት ነው» አለችኝ።

ይህን ሳወራ «ዝም ብትል ምን ነበረበት? እንጀራዋ እኮ ነው» የሚሉኝ አሉ። እንጀራዋ እንደሆነ እሷም አላጣችውም። ዝም ብላ ወደ ማዳም ቤት ብትመለስ ግን፣ በዚያ ቤት እስከ መጨረሻው ባለትሏ ሴት እሷ ነበረች።