ጅግራዋና የጎመን መደባችን

ባለፈው ሳምንት እንጦጦ ማርያም ተሳልሜ ቁልቁል ስወርድ ከቁጥቋጦ ውስጥ ጅግራ ጮኸች። እግሬ ቀጥ አለ። አብራኝ የነበረችው ልጄ «ምነው እማዬ፣ አመመሽ?» አለችኝ። አላመመኝም፤ ፈራሁ እንጂ። አሮጊቷ ወፍ ፈራች ብለህ እንዳትስቅብኝ፤ መጀመሪያ ነገሩን ስማ።

ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ዘመን የእኛ ጉለሌ ከከተማው ይልቅ ለጫካው ትቀርብ ነበር። ጓሯችን አጥር ቢኖረውም እንስሳቱ ከቁብ አይቆጥሩትም። ማለዳ ድኩላ ወርዳ የጌሾውን ለጋ ቀንጥባ ትሄዳለች። ጦጣ ኮኩን ሳይበስል ትጨርሰዋለች፤ እናቴ «አንቺ ሌባ!» እያለች እንደ ሰው ትሰድባታለች። የእኔ እንግዳ ግን ጅግራዋ ነበረች። ጤዛው ሳይረግፍ ጫጩቶቿን አስከትላ ትመጣለች፤ በነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኩትን ገብስ እበትንላታለሁ። ኮቴዬን ለምዳ እግሬ ሥር ድረስ ትቀርብ ነበር። በጣም እወዳት ነበር።

ከዚያ መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስረክብ፣ ደብቆ የተገኘ ይሰቀላል ተባለ። አባቴ ጠመንጃውን ሞራ ቀብቶ፣ በቁርበት ጠቅልሎ ጓሮ ቀበረው። በመስኮት ሳየው አየኝ። ገብቶ ፊቴ ቁጢጥ አለና «ምን አየሽ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት።

እናቴ ግን ልቧ አላረፈም። «ይስሙኝ፣ አፈሩ አዲስ ነው፤ ያስታውቃል። ጎመን ልትከልበት» አለችው። ተከለችበት፤ ጠዋትና ማታ ውሃ ታጠጣው ጀመር። ብልሃት መስሎን ነበር። ወቅቱ በጋ ነው፤ የቀረው መሬት እንደ ድንጋይ ደርቆ እርጥብ አፈር ያለው እዚያ መደብ ላይ ብቻ ሆነ። ትሉም እዚያ ተሰበሰበ። ጅግራዋ ደግሞ ትል ለማግኘት አስተርጓሚ አያሻትም። ገብሴን ትታ መደቡን በእግሯ ስትጭር አገኘናት።

እናቴ አፈሩን ደለደለች፤ ጅግራዋ መልሳ ጫረችው። እናቴ የቀጋ እሾህ ደፋችበት፤ ወፏ በእሾሁ ሥር ገባች። «ድንጋይ ወርውሪባት» አለኝ አባቴ። ወረወርኩ፤ ሆን ብዬ ሳትኳት። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጣሊያን ወታደር ከአስተርጓሚ ጋር መጣ። ቤቱን በርብረው፣ ፍራሹን ቀደው ወደ ጓሮ ወጡ። ጅግራዋ ከነልጆቿ መደቡ ላይ ነበረች። አፈሩ ወደ ኋላዋ ይፈናጠራል። ከአፈሩ ውስጥ የቁርበቱ ጫፍ ብቅ ብሎ አየሁት። አባቴም አይቶታል።

«ያ የተቆፈረው ምንድን ነው?» አለ አስተርጓሚው።

«ጎመን ነው ጌታዬ። ወፍ አስቸግሮን ነው» አለ አባቴ።

ወታደሩ ወደ መደቡ ይራመድ ጀመር። እኔ ጅግራዋ ከዚያ ትነሳልን እንጂ ሌላ አላሰብኩም። ሮጬ በወዲያኛው ጥግ ገብሴን በተንኩና ወደ እናቴ ተመለስኩ። ጅግራዋ ገብሱን አይታ ጫጩቶቿን አስከትላ በገላጣው ሜዳ እየሮጠች ሄደች። ወታደሩ ቆመ፤ ሳቀ፤ ጠመንጃውን አነጣጠረ።

ጆሮዬ ጭው አለ። ወታደሩ በእግሯ አንጠልጥሏት አንድ ነገር ተናገረ። «ምሳ አገኘሁ ነው የሚለው» አለ አስተርጓሚው። ይዘዋት ሄዱ። መደቡን ዞር ብሎ ያየው የለም።

እናቴ አቅፋ «አባትሽን አተረፍሽው» አለችኝ። ገፍትሬያት ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ። አባቴ በመትረፉ ደስ ብሎኛል፤ ጅግራዋ ግን እኔን አምና ነው የሄደችው።

በማግስቱ ጠዋት ጫጩቶቹ ብቻቸውን መጡ። ገብስ ይዤ ብቀርብ ሸሹኝ። በትንንሽ እግራቸው ደረቁን መሬት ይጭራሉ፤ አልበገር አላቸው። አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሲያያቸው ቆየና ዶማውን አነሳ። ከመደቡ ርቆ፣ አጥሩ ሥር ትንሽ ቦታ ቆፈረላቸው፤ ውሃ አፈሰሰበት፤ ጓሉን በእጁ አደቀቀው። ለጅግራዋ ሌላ እርጥብ ቦታ ብናዘጋጅላት መደቡን እንደምትተውልን ከዚያ በፊት ለማናችንም አልታየንም ነበር።

መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጫጩቶቹ እየፈሩ ወደ እርጥቡ አፈር ቀረቡ።

«ስንት ነበሩ?» አለኝ።

«ስድስት።»

በጣቱ እያመለከተ ቀስ ብሎ ቆጠራቸው። «ስድስት ናቸው» አለኝ።

አምስት ነበሩ።