ትራፊኩን ጋቢና አስቀምጬ

ፒያሳ ተወልጄ እዚያው ሸብቻለሁ። መንገዱ ከታደሰ ወዲህ ግን እኔ አራዳ ነኝ ባዩ እንደ እንግዳ ግራ መጋባት ጀምሬያለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ቮልሴን ይዤ ወደ አንዲት ጠባብ መንገድ ታጠፍኩ። መጨረሻው ላይ አንድ ወጣት ትራፊክ ፊሽካውን ነፋብኝ።

«ጋሼ፣ በዚህ መግባት ክልክል ነው። መንጃ ፈቃድ!»

«ልጄ፣ ምልክት የለም እኮ!»

«አለ! መታጠፊያው ላይ ተተክሏል» ብሎ መንጃ ፈቃዴን ኪሱ ከተተው።

ደሜ ፈላ። «እንግዲያው ግባና አሳየኝ! ካለ እጥፍ ቅጣኝ» አልኩት። እሱም እልኸኛ ነው፤ ቦታውን ለሴት ባልደረባው ትቶ ጋቢና ገባ።

በአትክልት ተራ በኩል ዞረን መጣን። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ምልክቱን ይፈልጋል። ለካ ሁልጊዜ መውጫው ላይ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ በመግቢያው በኩል በመኪና መጥቶ አያውቅም! ምልክቷ ደግሞ ቅጠሉ ከተንዠረገገ ዛፍ ጀርባ ተሸሽጋለች።

መታጠፊያዬ ጋ ስንደርስ ፍጥነቴን ቀነስኩና በትህትና ጠየቅኩት። «እዚህ ልታጠፍ?»

«አዎ፣ ይታጠፉ ጋሼ። ክልክሉ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነው።»

ሕግ አክባሪ ነኝና ታጠፍኩ። መጨረሻው ላይ ፊሽካ ተነፋ። ባልደረባው እጇን ዘርግታ ፊታችን ተገተረች።

«ክልክል ነው! መንጃ ፈቃድ!»

መስታወቱን እስከ ታች አወረድኩና ወደ ጋቢናው ጠቆምኳት።

«ከሱ ተቀበይ።»