ላብ ነው ብዬ ያሾፍኩበት ወተት

ወላሂ፣ አንድም ውሸት የለበትም።

ዛሬ ጠዋት ሆጤ ሰፈር፣ እትዬ ዘሃራ ወተት ቤት ቁጭ ብያለሁ። ወተት ወድጄ እንዳይመስላችሁ፤ ልጃቸውን መርየምን ለማየት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ሰበብ ሆዴ ሲነፋ ከርሟል።

መርየምን ላስቃት ብዬ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው እህቴ ትናንት የነገረችኝን ለቀቅኩት።

"ሰዎች፣ የጡት እጢ እኮ ጥንት የቆዳ እጢ ነበር! የላብ እጢ ዘመድ ነው። የምትጠጡት የላብን የአጎት ልጅ ነው!"

(ትምህርት ከስምንተኛ ነው ያቆምኩት፤ ይህቺን ግን ጥብቅ አድርጌ ይዣታለሁ።)

ሁለት ደንበኞች ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ወጡ። መርየም በሳቅ ፈረሰች። እኔ ጀነት ገባሁ።

እትዬ ዘሃራ ወገባቸውን ይዘው መጡ። "አንተ ባለጌ! እናትህ ታማ ሦስት ወር ከመርየም ጋር ያጠባሁህ ላብ ነበር?"

"ምን አሉ እትዬ?"

"አልነገረችህም? የጡት ልጄ ነህ እኮ!"

በእኛ ደግሞ ከአንድ ጡት የጠቡ አይጋቡም። ሐራም ነው፣ አለቀ።

መርየም ብርጭቆዬን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። "ጨርሰው እንጂ፣ ወንድሜ።"

ወንድሜ!

እስቲ እናቶቻችሁን ማን እንዳጠባችሁ ጠይቁና ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ብቻዬን አልቃጠል።