እህቴ የገባችበት ክፍል

ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ ሰው በታናሽ እህቱ ይቀናል ብሎ የነገረኝ የለም። ቅናት እንደ ኩፍኝ በልጅነት አንዴ ይዞ የሚለቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። እኔን ግን ባለትዳር ሆኜ፣ የራሴን ደመወዝ እየበላሁ፣ ስቶክሆልም ውስጥ ነጭ ጋዎን ለብሼ ቆሜ ያዘኝ።

በጋዎኑ አትታለሉ። የምሠራው ሴል የሚያሳድጉበት አንድ የምርምር ቤት ውስጥ ነው፤ ሥራዬ ግን ጠርሙስ ማጠብ ነበር። ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሴል ቀበጥ ነው፤ የሳሙና ሽታ እንኳ ከቀረበት ኩርፍ ብሎ ይሞታል። ስለዚህ ጠርሙሱን ሰባት ጊዜ በቧንቧ ውኃ፣ ሦስት ጊዜ በተጣራ ውኃ አለቀልቃለሁ፣ ከዚያ በእንፋሎት መቀቀያው ውስጥ እጨምረዋለሁ። ስምንት ዓመት እንደዚህ አለቀለቅሁ። አንድም ሴል በእኔ ጠርሙስ ሞተ ተብሎ አያውቅም።

ከማጠቢያው ክፍል ፊት ለፊት የሴሎቹ ክፍል አለ፤ በሩ ላይ አራት የእጅ መዳፍ የሚያህል መስታወት አለው። በዚያ መስታወት ሳይ፣ ሰዎቹ አጉሊ መነጽር ላይ ተደፍተው ዝም ይላሉ። ምን ይሆን የሚያዩት እያልኩ የምኖርበት ሰፈር፣ ፊቲያ፣ ካለው ቤተ መጻሕፍት በመጀመሪያ የልጆች መጽሐፍ በሥዕል፣ ቀጥሎ ወፈር ያለውን ተዋስኩ፤ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ አንድ ገጽ በአንድ ሳምንት አነበብኩ። ሴል ኃይሉን ከየት እንደሚያገኝ፣ ለሁለት ሲከፈል ምን ምን እንደሚያደርግ አወቅሁ። ትምህርቴ ዘጠነኛ ክፍል ላይ የቆመ ሴት ነኝና ይህን ማወቄ ያኮራኝ ነበር። በአራተኛው ዓመቴ አንዱን ወጣት ተመራማሪ ደፍሬ፣ «አንድ ጊዜ ባይ ይቻላል?» አልኩት። «በእርግጥ! አንድ ቀን» አለኝ በፈገግታ። እዚህ አገር የኖረ ሰው ያችን «አንድ ቀን» ያውቃታል። አትመጣም።

እህቴ በሰባት ዓመት ታንሰኛለች። አምስት ዓመቷ ላይ ማጅራት ገትር ያዛት፤ ነፍሷ ተረፈች፣ ጆሮዋ ግን ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጆሮዋ እኔ ሆንኩ። ሱቅ ስንሄድ፣ ሐኪም ቤት ስንሄድ፣ ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ እሷ ትመጣለች፣ እኔ እናገራለሁ። እቤታችን ውስጥ ብቻ የሚሠራ የእጅ ቋንቋ ፈጠርን። ሰዎቹም ጠባያችንን ስለለመዱ፣ «ልጅቷ ሻይ ትጠጣለች?» ብለው የሚጠይቁት እኔን ነው። «አትጠጣም» እል ነበር አንዳንዴ፣ ሳልጠይቃት።

ከአገር ቤት መጥታ ፊቲያ ከእኔና ከባለቤቴ ጋር መኖር ስትጀምር ያው ሥራዬ የሚቀጥል መስሎኝ ነበር። ለአዋቂ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ትምህርት ቤት ገባችና የስዊድንን የምልክት ቋንቋ በዓመት ተኩል ጠጣችው። እኔ ስዊድንኛን ለመናገር አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል። እንግዲህ ከዚያ ነው የጀመረኝ፤ ስሙን ግን ገና አላወጣሁለትም።

ሥራ ፈላጊ ሆና ስትመዘገብ አንዲት የሥራ ደጋፊ ተመደበችላት። አጭር ሽበታም ፀጉር ያላት፣ የብስክሌት ቆቧን በክንዷ አንጠልጥላ የምትዞር ሴት ናት። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ እንደ ልማዴ ከእህቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከፊት ለፊት ደግሞ የምልክት ቋንቋ ቶልኳ ነበረች፤ አስተርጓሚን እዚህ ያለን ሰዎች ቶልክ ነው የምንለው። ጥቁር ሸሚዝ የለበሰች፣ የሰሜን ስዊድን ሰው አነጋገር ያላት ወጣት።

«ምን መሥራት ትፈልጊያለሽ?» አለች ደጋፊዋ።

«ያገኘችውን ትሠራለች፤ ቁጭ ብላ ቢሆን ይሻላል» አልኩ እኔ።

ደጋፊዋ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «አመሰግናለሁ» አለችኝ፤ «የጠየቅኩት ግን እሷን ነው።»

ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ቀጥላም አሠራሯን ገለጸች። በፊት ሰውን ዓመት ሙሉ አሠልጥነው ነበር ሥራ የሚፈልጉለት፤ አሁን ጥናቱ ሌላ ነገር አሳይቷል፤ መጀመሪያ ሰውየው ወደሚፈልገው ሥራ ይገባል፣ ከዚያ ደጋፊው እዚያው አብሮት ሆኖ ያሠለጥነዋል።  እኔ እኮ እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ምን መሥራት ትፈልጊያለሽ ያለኝ ሰው የለም። ስቀጠር የተጠየቅኩት የጫማ ቁጥሬን ነው።

እህቴ እጇን አነሳች። «እህቴ ያለችበት ቦታ» አለች።

አለቆቼን ያናገርኩላት እኔው ነኝ። ያለ ደመወዝ የሚሠራ የሙከራ ጊዜ፣ ፕራክቲክ የሚሉት፣ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ተፈቀደላት። ደጋፊዋ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች እጅጌዋን ሰብስባ ከእኛ ጋር አጠበች፤ የሥራውን ተራ በሥዕል ሠርታ ግድግዳው ላይ ለጠፈችላት። ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። ሁለት እህትማማች ጎን ለጎን እያለቀለቅን፣ እጃችን ውኃ ውስጥ ስለሆነ በቅንድብ እናወራ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የሴሎቹ ክፍል ኃላፊ፣ ረጅም ሴት ናት፣ ጠርሙስ ልትወስድ መጣችና እህቴ ፈሳሽ ስትቀዳ አይታ ቆመች። እህቴ ስትቀዳ ጠብታ አይንጠባጠብም፣ እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ከልጅነቷ እንዲሁ ናት። «እነዚህን እጆች እፈልጋቸዋለሁ» አለች ኃላፊዋ። ደግሞም በዚያ ክፍል ውስጥ ንጹሕ አየር የሚነፋው የሥራ ሳጥን ቀኑን ሙሉ ስለሚያጓራ ሰዎቹ ከሰዓት በኋላ ራሳቸውን ይዘው ይወጣሉ። እህቴን ግን ምን ቸገራት!

ሦስት ሳምንት። እኔ ስምንት ዓመት ያየሁትን በር በሦስት ሳምንት ገባችበት።

አሁን እኔ እያለቀለቅሁ በመስታወቱ የማየው እሷን ሆነ። ሰማያዊ ጓንት አጥልቃ፣ አጉሊ መነጽሩ ላይ ተደፍታ፣ ሴል ስትቆጥር። ፊካ ሰዓት ላይ፣ ቡና ይዘን አረፍ በምንልበት ጊዜ፣ እነዚያ ተመራማሪዎች «እንደምን አደርሽ» በእጅ እንዴት እንደሚባል እየተሳሳቁ ይማሩላታል። ስምንት ዓመት ስሜን አስተካክለው መጥራት ያልቻሉ ሰዎች፣ በጣቶቻቸው «ወተት ትፈልጊያለሽ?» ማለት ቻሉ። እኔ ቡናዬን ይዤ ዕቃ ማስቀመጫው ዘንድ የምፈልገው ያለኝ መስዬ ዞር እላለሁ።

እቤት ስትገባ ደግሞ እራት ላይ እጇ አያርፍም። «ዛሬ አንዱ ለሁለት ሲከፈል አየሁት! መጀመሪያ ድቡልቡል ይላል፣ ከዚያ ወገቡ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ...»

«አውቃለሁ» አልኳት። «አንብቤዋለሁ።»

«ማንበብ ሌላ ነው።»

ሳህን አነሳሁ። ባለቤቴ ወጥ ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጣ። «ምነው ሳህኑን ልትሰብሪው ነው? ቀንተሽባታል እንዴ?» አለኝ።

«በደንቆሮ እህቴ ልቅና?» አልኩት። ያንን ቃል ስለ እሷ በአፌ ተናግሬው አላውቅም ነበር። እሱ ትቶኝ ወጣ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ክፍሉ ባዶ ሲሆን፣ እህቴ በሩን ከፍታ ጠራችኝ። «ነይ፣ ነይ! ጋዎን አዘጋጅቼልሻለሁ፣ እይው!» እጄን ይዛ ጎተተችኝ። ስምንት ዓመት የተመኘሁት ነገር አሥር እርምጃ ቀርቶት ነበር። ግን እሷ አሳይታኝ እንዳላይ አንድ ነገር ያዘኝ። «ሥራ አለብኝ» ብዬ እጄን አስለቀቅሁ። ሥራ አልነበረብኝም። የታጠበ ጠርሙስ ደግሜ አጠብኩ።

የፕራክቲኩ ጊዜ ሊያልቅ ሲል ኃላፊዋ ማጠቢያው ክፍል ብቅ አለች። ቋሚ ቦታ አለ፤ እህቴን ሊቀጥሯት ያስባሉ፤ ብቻ ቅዳሜና እሑድም ተራ አለው፣ ያኔ ሰው ብቻውን ነው የሚሠራው። ሴሎቹ የሚቀመጡበት ማሞቂያ ሳጥን ሲበላሽ ወይም ጋዙ ሲያልቅ ማንቂያው ይጮኻል፤ ካልተደረሰለት የብዙ ወር ሥራ ይሞታል። «ማንቂያው ሲጮህ የሚበራ መብራት ገጥመንላታል» አለች። «አንቺ ግን ከማንም በላይ ታውቂያታለሽ። የምትችል ይመስልሻል?»

እኛ አገር ሰው የገዛ እህቱን በሰው ፊት አያሞግስም፤ ያሳፍራል። ትንሽ ዝቅ አድርጎ መናገር ወግ ነው። ያን ቀን ያን ወግ እንደ ጋቢ ተከናነብኩት። «ጎበዝ ልጅ ናት» አልኩ። «ግን ማንቂያው ሲጮህ አትሰማም። ብቻዋን መተው... እኔ እፈራለሁ።»

ኃላፊዋ ራሷን ነቀነቀች፣ አመሰገነችኝና ሄደች። ለራሴም ስለ እህቴ ደኅንነት የተጨነቅኩ ነው አልኩት። ራሴ ግን አላመነኝም።

ረቡዕ ዕለት ስብሰባ ተጠራ። ኃላፊዋ፣ ደጋፊዋ፣ ቶልኳ፣ እህቴና እኔ። እኔ እንድገኝ የፈለገችው እህቴ ናት። «ስቀጠር ታይ» ብላ።

ኃላፊዋ ወረቀቷን ዘርግታ ጀመረች። «ሥራሽ ንጹሕ ነው፣ ሁላችንም ወደነዋል። ግን ስለ ማንቂያው ሥጋት አለኝ። እህትሽም ብቻሽን መተው እንደሚያስፈራት ነግራኛለች።»

እኔ ጓዳ ውስጥ የተባለ ነገር ጓዳ ይቀራል ብዬ ነበር። በእኛ ወግ እንዲህ ያለ ቃል ቢሠራ እንኳ ተናጋሪው ሳይጠራ ነው የሚሠራው። እነሱ ደግሞ ሁሉንም ነገር በነገሩ ባለቤት ፊት ጠረጴዛ ላይ ያወጡታል፤ ክፋትም የለበትም። የቶልኳ እጆች ተንቀሳቀሱ። የራሴን ቃል በሰው እጅ ሲሄድ አየሁት። «እህትሽ» የሚለው ላይ ሲደርስ ጣቷ ወደ እኔ ተቀሰረ።

እህቴ አላየችኝም። ኃላፊዋን እያየች እጇን አነሳች፤ ያቺ የሰሜን ልጅ አፏን ከፍታ፣ «እኔ» ብላ ጀመረች።

እኔ! ከልጅነቷ ጀምሮ የእህቴ ድምፅ እኔ ነበርኩ፤ ግን ሁልጊዜ «እሷ» ነበር የምለው። «እሷ አትጠጣም፣ እሷ ደክሟታል።» ይህች የማታውቃት ልጅ «እኔ» ስትልላት ከቀናሁት ቅናት ሁሉ የባሰው መጣብኝ።

«እኔ እንደማልሰማ ከሁላችሁም በላይ አውቃለሁ» አለች እህቴ። «መብራቱን የጠየቅኩት ራሴ ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ ጋዙ ሲያልቅ እናንተ ፊካ ላይ ነበራችሁ። ማንቂያው ሲጮህ የሰማ አለ?»

እርስ በርስ ተያዩ።

«ሁላችሁም ጆሮ አላችሁ» አለች እህቴ። «ደብተሩን እዩት።»

ኃላፊዋ የክፍሉን ደብተር ገለጠች። በእህቴ ጠማማ ጽሕፈት ሰዓቱ ተጽፏል፤ ጋዝ አለቀ፣ ተቀየረ። ደጋፊዋ ሳቋ አመለጣት፣ ኃላፊዋም ተከተለቻት። እህቴ ብቻ አልሳቀችም።

«እህቴ ጥሩ ጆሮ ነበረች» አለች። «ግን ስለ እኔ ስትጠየቅ መልሱን እኔን ሳትጠይቅ መስጠት ለምዳለች። ከእንግዲህ ስለ እኔ እኔን ጠይቁኝ።»

ኃላፊዋ ወደ እኔ ዞረች። «የምትጨምሪው አለ?»

«ትችላለች» አልኩ።  ያችን አንድ ቃልም ቶልኳ በእጇ አደረሰችልኝ።

በምድር ባቡሩ፣ በቱነልባና፣ ስንመለስ ፊት ለፊት ተቀመጥን። እሷ በመስኮት ታያለች። ጉልበቷን ነካሁና በእቤታችን ቋንቋ፣ «ቀንቼብሽ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ። ፊትሽ እኮ ቀኑን ሙሉ መስታወቱ ላይ ነው።»

«ስምንት ዓመት ቆሜ...»

«ስምንት ዓመት! በሩ ቁልፍ የለውም እኮ። አንድ ቀን ገፍተሽ አትገቢም?»

«ማንም ግቢ አላለኝም።»

«እኔ አልኩሽ» አለች፤ ጣቷ ደረቷን ደጋግሞ መታ። «እኔ አልኩሽ! እኔ ሰው አይደለሁም?»

 አጠገባችን የተቀመጠች አሮጊት እጃችንን እያየች ፈገግ አለችልን፤ ምን መስሏት እንደሆነ እንጃ።

በሁለተኛው ሳምንት እህቴ ቶልክ ራሷ አዘዘችና ብቻዋን ገብታ የቅጥር ውሏን ፈረመች። በበጋው ሃግሴትራ በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ቤት ተከራየች። ልብሷን በሁለት ሻንጣ አድርጋ በቱነልባና ወሰደች፤ ባለቤቴ በመኪና ላድርስሽ ቢላት እንቢ አለች። የበሯን ቁልፍ አንዱን ለኔ ሰጠችኝ፤ ከመምጣቴ በፊት ግን መልእክት እንድልክ ነገረችኝ።