የባባ ኮት ቁልፍ

«ስፌት እችላለሁ» ብዬ የዋሸሁት ለጁምዓ፣ ለዓርብ ዕረፍት፣ ስል ነው። አማን ከተማ፣ ጀበል አማን ሰፈር፣ ለቤት ሠራተኝነት ልቀጠር የመጣሁ ዕለት ማዳም፣ «የቤቱን ስፌት ከቻልሽ ጁምዓ ጁምዓ ትወጫለሽ» አለችኝ። እህቴ የምትሠራው ሳሃብ በሚባል ቦታ ልብስ ፋብሪካ ነው። እኔም እዚያው ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከወጣሁ ወዲህ ግን ዓይኗን አላየሁም። ለማዳም ያልነገርኳት፣ ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ሥራ ብቻ ስለሚሰጥ፣ ሁለቱን ዓመት የሸሚዝ ቁልፍ ብቻ ስተክል መኖሬን ነው፤ ያውም በማሽን። በእግሬ ጫን ሳደርገው ቁልፉ ጠቅ ይላል፣ አለቀ። መርፌና ክር በእጄ ይዤ አላውቅም።

ባባ፣ የማዳም ባል፣ ለልጃቸው ሚስት ሊጠይቁ ጃሃ ይዘው ሊሄዱ ነው፤ እኛ አገር ሽምግልና እንደምንለው። ሳምንቱን ሙሉ ሳሎን ቆመው ባለ ሦስት ገጽ ንግግር ሲለማመዱ ሰነበቱ። ማዳም በቃላት ጋጋታው ተማርራ ወጥ ቤት ትሸሸግ ነበር።

በቀኑ ባባ ወረቀታቸውን አጣጥፈው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱ። መኪኖቹ ውጭ ጡሩምባ ሲያንባርቁ ኮቱን ልቆልፍ ሲሉ ቁልፉ ተበጥሶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

«ያላ፣ ያላ! ቶሎ ስፊለት!» አለችኝ ማዳም።

ባባ ኮቱን ለማውለቅ ጊዜ አልነበራቸውም። ሆዳቸውን አስቀድመው ቆሙልኝ። እንደምንም ተከልኩት፤ እንዲጠብቅ ብዬም መርፌውን አሥር ጊዜ መላለስኩት። ቢጎትቱት ንቅንቅ አልል አለ። እኔም ኮራሁ።

አመሻሹ ላይ ባባ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ገቡ።

«ቁረጪኝ» አሉኝ።

ለካ ቁልፉን ከሁለቱም የኮቱ ወገን ጋር ሰፍቼዋለሁ! እጃቸው የውስጥ ኪሱ ጋ አልደርስ ሲል፣ ባባ «ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን» ብቻ ብለው ተቀምጠዋል። ረጅም ንግግር ፈርተው የነበሩት የልጅቷ አባትም ደስ ብሏቸው ወዲያው «ሰጥተናል» አሉ።

«ባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ የማውቀው በማሽን ቁልፍ መትከል ብቻ ነው» አልኩ እንባዬ እየመጣ። ጁምዓዬ ቀረች ብዬ ነበር።

ማዳም ግን ግድግዳ ተደግፋ ትስቃለች።

«ጁምዓ ሂጂ» አለችኝ። «ለሰርጉም ኮቱን አንቺ ነሽ የምትሰፊው። እሱ ለዚያም ንግግር አዘጋጅቷል።»

ጁምዓ ሳሃብ ሄጄ እህቴን አቅፌ አለቀስኩ። ማዳም የፈለገችውን ትበል፣ ሁለተኛ እንዳልዋረድ ብዬ፣ «ኮት ላይ ቁልፍ በእጅ አተካከል አሳዪኝ» አልኳት።

አራት ዓመት እዚያው ፋብሪካ የቆየችው እህቴ አሰብ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች።

«ዚፕ ከሆነ አምጪው» አለችኝ።