ማር መሳዩ እጀታ

ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ጀምሮ ሳልፈታው የቆየሁትን የመጨረሻ ካርቶን ትናንት ስከፍት፣ ከአባቴ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያ የድሮው ሽታ ወጣ። የመድኃኒትም የኮምጣጤም ሽታ ይመስላል። የካዛንቺሱ ቤታችን ፈርሷል፣ አባዬም እማዬም አልፈዋል፣ ሽታው ግን እንዳለ አለ።

አባዬ የቢሮ ሰው ነበር። ዶሮ ማረድ ስለሚፈራ በየበዓሉ ጎረቤት ይለምናል፤ ሰንጢ ግን ይሰበስብ ነበርና ሰፈሩ «ሽፍታው» እያለ ይቀልድበታል። ለስለቱ ብዙም ደንታ አልነበረውም፤ ፍቅሩ ሁሉ እጀታው ላይ ነው። ዓይኔን አስጨፍኖ አንድ በአንድ ጉንጬ ላይ እያስነካ ከምን እንደተሠሩ ያስገምተኝ ነበር፤ አጥንቱ እንደ ጠዋት ውኃ ይቀዘቅዛል፣ ወይራው ሲታሽ ይሸታል፣ ከቄራ የመጣው ቀንድ የሰው ገላ ሲነካው ቶሎ ይሞቃል፣ ፕላስቲኩ ደግሞ ምንም አይልም። ስሳሳት ደስ ይለው ነበር፤ ጨዋታው እንደገና ይጀመራላ።

ለጨዋታ የማይወጡ ሁለት ሰንጢዎች ነበሩ። አንደኛው ጥቁር የበሬ ቀንድ እጀታ ያለው፣ ከአያቴ የቀረልን ብቸኛ ዕቃ ሲሆን የእንቁጣጣሽ ዳቦ የሚቆረሰው በእሱ ብቻ ነው። ሁለተኛው የአባዬ ታናሽ ወንድም የጋሽ ደምሴ ነበር። ጋሽ ደምሴ መካኒክ ነው፤ ሰንጢውን ጋራዡን ጥሎ ከሄደ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን አግኝቶት፣ ወደ ግንባር ሲዘምት «እስክመለስ ያዝልኝ» ብሎ ለአባዬ ሰጠው። እጀታው ከአንድ ዓይነት የድሮ ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ብርሃን ላይ ሲያነሡት ግን ወለላ ማር ይመስላል፣ መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ ጅማት አለው። ከቀንዱም ከአጥንቱም ከወይራውም ይልቅ እሱ ያምር ነበር። አባዬ አባትና ልጅ አይለያዩ ብሎ ሁለቱን በአንድ ጨርቅ ጠቅልሎ ከሌሎቹ ሰንጢዎች ጋር በብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ አስተኛቸው። ቀንዱን ብል እንዳይበላው ስለሚሰጋም ቆርቆሮውን ዙሪያውን በፕላስተር ያሽገዋል፤ የሚከፈተው ለእንቁጣጣሽ ብቻ ሆነ።

ጦርነቱ አበቃ። የሰፈሩ ልጆች ከፊሎቹ በእግራቸው፣ ከፊሎቹ በክራንች ገቡ፤ የእኛ ግን አልመጣም፣ መርዶም አልመጣም። እማዬ ለቂርቆስ ጃንጥላ ተሳለች። አባዬ በር በተንኳኳ ቁጥር የሚበላውን ያስቀምጣል፣ ጉርሻ በእጁ ይዞ እንኳ ቢሆን፤ ሌላ ሰው መሆኑን ካየ በኋላ ወደ ማዕዱ አይመለስም።

በአንዱ እንቁጣጣሽ ቆርቆሮው ሲከፈት ያ ሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ ዘይነባ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉን መጥተው ነበር። ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ደረቀ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ጋሽ ታፈሰ፣ ይሄ እኮ የካፉር ሽታ ነው። እኛ ሬሳ ስናጥብ ነው የምናደርገው» አሉ።

አባዬ ጎረቤት ሲቆጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዳቦውን በችኮላ ቆረሰና ቆርቆሮውን ከቀድሞው አጥብቆ አሸገው። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ስለ ሽታው ያነሳ ሰው የለም፤ ግን እማዬ ቁም ሳጥኑ ዘንድ ስትደርስ ታማትባለች፣ እኔም ብቻዬን እዚያ ክፍል መግባት ተውኩ። ክረምቱ እንዳይወጣ የተመኘሁት ያኔ ነው።

ክረምቱ ግን ወጣ። አባዬ ዳቦው ፊት ቆሞ ቆርቆሮውን ሲከፍት ሽታው ዓይናችንን አቃጠለው። ማር መሳዩ እጀታ ተሰነጣጥቆ ላብ አውጥቷል። ሌሎቹ ሰንጢዎች ዝገዋል፤ አጠገቡ የተኛው የአያቴ ሰንጢ ስለቱ ተበልቶ ሲነካ ይረግፋል፣ ቀንዱ ብቻ ደህና ነው። አባዬ ጨርቁን መልሶ ሸፈነው። ማንንም ሳያማክር ነጭ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለበሰና፣

«እርማችንን እናውጣ። ደምሴ ራሱ መጥቶ ነገረን» አለ።

እማዬ ጮኸች። ዕድሩ ድንኳን ተከለ። አደይ አበባ ይዘው የሚዞሩ ልጃገረዶች በራችን ድረስ መጥተው ዘፈናቸውን አቋርጠው ተመለሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ በር ሲንኳኳ አባዬ ቀና አይልም ነበር፤ መብላቱን ይቀጥላል። ልቡ ዐረፈ አሉ ጎረቤቶቹ፤ እኔ ግን ያ ዕረፍቱ ከጭንቀቱ ይልቅ ያስፈራኝ ነበር።

አባዬ ካረፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ አሮጌ ዕቃ ለሚሸጥ ሰው ስለ እጀታው ባወራለት ምክንያቱን ነገረኝ። ያ ዓይነቱ ፕላስቲክ ሲሠራ ካፉር ይገባበታል፤ ሲያረጅ ይበሰብሳል፣ ከእሱ የሚወጣው ትንፋሽም አብሮት የታሸገውን ብረት ይበላል። ልማዱ ነው። ስለ ጋሽ ደምሴ ምንም የሚያውቀው ነገር አልነበረም። አባዬ ይህን ሳይሰማ መሞቱ ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም አለቀስኩ።

አሁን ማር መሳዩን ለብቻው በረንዳ ላይ፣ ነፋስ እንዲያገኘው አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። የአያቴን ቀንድ ጉንጬ ላይ ባስነካው ዛሬም ቶሎ ይሞቃል። ሰፈሩ ግን የለም፤ እትዬ ዘይነባም የት እንደደረሱ አላውቅም። ጋሽ ደምሴ ቢመጣስ እላለሁ። አንድ ሽማግሌ ካዛንቺስ መጥቶ ቢጠይቅ፣ ጎተራ ገብታለች የሚለው ሰው አይኖርም።

ዛሬ ጠዋት ቁርስ ላይ ሳለሁ በር ተንኳኳ። ፎቅ ተሳስቶ የመጣ ልጅ ነበር። ሸኝቼው ስመለስ የጠቀለልኩት ጉርሻ ትሪው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፤ መቼ እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም። ወደ ማዕዱም አልተመለስኩም።