የኔ ነው ያልኩት ውሻ

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ 2009፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ነው። አንዲት ቃሌ ያመጣችው ጥፋት ስለሆነ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ከኔ ሌላ የሚወቀስ ሰው ስፈልግ ብዙ ዘመን ስለፈጀሁ አሁን እንደሆነው አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ከደሴ ወደ አሜሪካ መጥቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ከልጄ ከዘሀራ ጋር እኖር ነበር። እሷ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስለምትሠራ ቀኑን ሙሉ ቤት የለችም። ከፊት ለፊታችን አፓርትመንት ሚስተር ሮይ የሚባሉ አሜሪካዊ ሽማግሌ ብቻቸውን ይኖራሉ። ዘመድ ሲጠይቃቸው አይቼ አላውቅም። ያላቸው ዱክ የሚሉት ውሻ ብቻ ነው። እሱም አርጅቶ አፉ ዙሪያውን ሸብቷል፤ የኋላ እግሩን ይጎትታል።

እኔ ሙስሊም ነኝ። ውሻ ልብሴን እንዳይነካኝ ጥግ እይዛለሁ። ሚስተር ሮይ ይህን አስተውለው ሊፍት በመጣ ቁጥር እኔን ያስቀድሙና እሳቸው በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ቆመው የሚቀጥለውን ይጠብቃሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ሰው አክባሪ ነበሩ።

አንድ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ጫጫታ ሰምቼ ብከፍት አምቡላንስ መጥቶ በቃሬዛ እያወጧቸው ነው። የውሻውን ማሰሪያ እጃቸው ላይ ጠቅልለው አልለቅም ብለዋል። ሲያዩኝ እጃቸውን ወደኔ ዘረጉ። የተናገሩት አልገባኝም፤ ‘ፕሊስ’ ያሏት ብቻ ገባችኝ። ማሰሪያውን ተቀበልኩ። በኛ ይህ አማና ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ባለቤቱ እስኪመለስ ይጠብቃል፤ ሌላ ወሬ የለውም።

ማታ ዘሀራ ስትገባ ውሻው በረንዳ ላይ ተኝቷል።

“እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

“የሚስተር ሮይ አደራ ነው።”

“አንቺ? ውሻ ከሩቅ ሲያይሽ የሶላት ዉዱእሽን እንደገና የምትታጠቢው?”

“ዉዱኡ የኔ ነው፤ አንቺን ምን አገባሽ” አልኳት። ሳቀችብኝ፤ በማግስቱ ግን የውሻ ምግብ ገዝታ መጣች።

ዱክ አያስቸግርም። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር በበረንዳው መስታወት በራችንን ያያል። የሚገባ ሲጠፋ ራሱን መልሶ ያስተኛል። ሆስፒታሉ ጋ ብንደውል “ዘመድ ስላልሆናችሁ አንነግራችሁም” አሉን።

በዘጠነኛው ቀን ከሕንፃው ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ውሻው በሦስት ቀን ካልወጣ እኛ እንወጣለን። ከዘሀራ ጋር ወረድኩና በሷ አፍ ተሟገትኩ። “ሰውየው ታመው ነው እንጂ ቤቱን አልለቀቁም። ውሻቸውስ እዚሁ ሕንፃ ይኖር የለም ወይ?” የቢሮዋ ሴትዮ የተፈቀደው ለእሳቸው ቤት ብቻ ነው አለች። ሰው ለሌለበት ቤት ውሻው ይፈቀዳል፤ ሰው ላለበት ቤት አይፈቀድም። ፍርዱ ይህ ነው።

እዚሁ አሜሪካ፣ ቅርባችን አሌክሳንድሪያ ለሚኖረው ልጄ ለከማል ደወልኩ።

“እማዬ፣ ቤቴ እኮ ይሰገድበታል” አለኝ።

“ጋራዥህም ይሰገድበታል?” አልኩት። ጋራዡንም አልፈቀደም።

በመጨረሻ ዘሀራ ቤት ለሌላቸው እንስሳት መጠለያ እንዳለ ሰማች። ሚስተር ሮይ እስኪመለሱ እዚያ ይቆይ ተባባልን። እሷ ሥራ ስለደረሰባት በር ላይ አድርሳኝ ሄደች፤ ከማል ሊመልሰኝ ተስማማ።

የተቀበለችኝ ወጣት እንግሊዝኛ እንደማልችል ስታውቅ ስልክ ደውላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከስልኩ ውስጥ የአማርኛ ድምፅ ወጣ። “ጤና ይስጥልኝ እማማ፣ አስተርጓሚ ነኝ።” ደስ አለኝ። ወጣቷ የዱክን ዕድሜ ጠየቀችኝ፤ እግሩን ጠየቀችኝ። ከዚያ “ውሻው የእርስዎ ነው ወይስ ያገኙት ነው?” አለኝ አስተርጓሚው።

እዚህ ላይ ነው የጠፋሁት። ደሴ ሳለሁ ማዘጋጃ ቤት መርዝ የሚያበላው ባለቤት የሌለውን ውሻ ነበር። ‘የኔ ነው’ የሚል ሰው ያለው ውሻ ይተርፋል። የጎረቤት ውሻ ሲይዙብን ሮጠን ወጥተን የኛ ነው እያልን ስንቱን አትርፈናል። የጎረቤቴ ነው ብል ደግሞ ጎረቤትሽ የት አለ፣ አንቺ ለምን ይዘሽው መጣሽ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

“ልጄ፣ የቱ ይሻለዋል?” አልኩት አስተርጓሚውን።

“እማማ፣ እኔ የሚባለውን ብቻ ነው የማስተረጉመው።”

“አስተርጉም አላልኩህም፤ እየጠየቅሁህ ነው።”

“ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አይፈቀድልኝም።”

“እንግዲያው የኔ ነው በላት።”

ወረቀት ሰጠችኝ። አስተርጓሚው አንብቦልኛል፤ ‘መብትዎን ለመጠለያው አስተላልፈዋል’ የሚል ነገር ሰምቻለሁ። ይንከባከቡታል ማለት መሰለኝ። ስሜን በአማርኛ ፈረምኩ። ዱክ ሲወስዱት ዞር ብሎ አየኝ። “ትንሽ ቀን ነው” አልኩት።

በአራተኛው ቀን በራችን ተንኳኳ። ሚስተር ሮይ ናቸው፤ ከስተው፣ የብረት መደገፊያ ይዘው። “ዱክ?” አሉ። አለ፣ ደህና ነው አልኳቸው በእጄም በአፌም። ዘሀራ የዕረፍት ቀኗ ስለነበር በመኪናዋ ሦስታችንም ሄድን።

ወጣቷ ኮምፒውተሯን ብዙ አየች። ከዚያ ለዘሀራ ቀስ ብላ ነገረቻት። የልጄ ፊት ሲለወጥ ገባኝ። ዱክን ባመጣሁት ማግስት በመርፌ ገድለውታል።

ያገኘሁት ነው ብል ኖሮ ሕጉ ባለቤቱ ሊፈልገው ይችላል ብሎ ለቀናት ያስጠብቀዋል። ባለቤቱ ራሱ ካመጣው ግን የሚጠበቅ ሰው የለም። ቦታው ሞልቷል፤ ውሻው ያረጀና የታመመ ነው፤ የሚወስደው አይገኝም ብለው ወሰኑ።

“ባለቤቱ ይኸው ቆሟል” አልኩ በአማርኛ። እንደገናም አልኩ። ወጣቷ ወረቀቱን አወጣች። ስሜ በትልልቁ ተጽፎበታል።

ፓርኪንጉ ድረስ ተከትላን የወጣች በነፃ የምታገለግል ሴት ነበረች። ለዘሀራ የነገረቻት ገደለኝ። ባለቤታቸው ሆስፒታል የገባ እንስሳትን ተቀብለው በየቤታቸው የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ፤ ‘ጌታው ታመው ነው’ ብላችሁ ቢሆን እንደውልላቸው ነበር አለች። እውነቱን ብናገር ይተርፍ ነበር ማለት ነው።

መኪናው ውስጥ ሚስተር ሮይ በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። ዘሀራ ለምን የኔ ነው እንዳልኩ አስረዳቻቸው። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ብዬ ለመንኳቸው። እጄን መታ መታ አድርገው “አንቺ ክፉ አላሰብሽም” አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ከቤታቸው አይወጡም። የበረዶው ወራት ሳያልቅ ወደ መጦሪያ ወሰዷቸው፤ ዳግመኛ አላየኋቸውም።

አስተርጓሚውን ስረግም ኖሬአለሁ። የቢሮዋን ሴትዮ፣ ከማልንም ረግሜአለሁ። ግን የተጠየቅሁት እኔ፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ።

አሁን አሮጌ ፎጣና ብርድ ልብስ ከጎረቤት እየሰበሰብኩ ከዘሀራ ጋር መጠለያው እወስዳለሁ። መስጊድ የማገኛቸውን ሴቶች ባለቤት የሌለው ውሻ ካያችሁ፣ ሰው ታሞ እንስሳው ከቀረ፣ የኔ ነው አትበሉ፤ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ፤ ስንት ቀን ትጠብቁታላችሁ፣ በቤቱ የሚያስጠጋ ሰው አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ እላቸዋለሁ። ይሰሙኛል። “ውሻ እኮ ነው፣ እትዬ” የሚሉኝም አሉ። በሄድኩ ቁጥር ቦታው እንደሞላ ነው። የኔ ፎጣ አንዱንም አያተርፍም፤ አውቀዋለሁ።

ሚስተር ሮይ አውፍ ብለውኛል። የበደሉት ሰው ሐቅ እንዲህ ይቅርታ ተለምኖ ይወርዳል። የዱክን ሐቅ ግን ማንን ልለምን? ዕድሜዬ እየገፋ ነው፤ ጠይቄ የመለሰልኝ የለም።